ተላላኪ አይጠየቅም

ጋሽ እንድሪስ ማረፋቸውን የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ከሰኞ ገበያ ወደ ፒያሳ ስንመጣ ሾፌሩ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው «ያ ዣንጥላውን የማይዘረጋው ሽማግሌ ሞተ አሉ፤ ቀብሩ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው» አለው። ሰውየው «ኢና ሊላሂ» አለ። እኔ ከኋላ ድንችና ቃሪያዬን ታቅፌ፣ ፒያሳ ደርሰን ሾፌሩ «እህቴ፣ አትወርጂም እንዴ?» እስኪለኝ አልተነቃነቅኩም።

የደሴ ሰው ግማሹ ስማቸውን አያውቅም፤ በዣንጥላው ነው የሚያውቃቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያ ከራሳቸው የማይለይ፣ ግራጫ ካፖርታቸው እስከ አንገት የተቆለፈ ሰው ነበሩ። በቀኝ እጃቸው ጥቁር ዣንጥላ ይይዛሉ። በፀሐይ አይዘረጉትም፤ እሺ፣ ይሁን። በዝናብም አይዘረጉትም። የደሴ ክረምት ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ የጦሳ ተራራ ጉሙን ከላይ ሲለቀው ጠዋቱና ማታው አይለይም። እሳቸው ኮፍያቸው እየተንጠባጠበ፣ ዣንጥላቸውን እንደተጠቀለለ ይዘው ሲያልፉ አይቶ ያልሳቀ ሰው ካለ እሱ የከተማው ሰው አይደለም። እኔም ስቄያለሁ። ምን ላድርግ፣ ያኔ አላውቃቸውም።

ሥራቸው ተላላኪነት ነበር። በጃንሆይ ጊዜ ጢማቸው ሳይበቅል ገብተው፣ ደርግን አሳልፈው፣ ታጋዮቹ ከገቡም በኋላ ጥቂት ዓመት ቆይተው ነው ጡረታ የወጡት። ሦስቱም መንግሥት ደብዳቤ ያመላለሰባቸው ሰው ናቸው። ለማያውቅ ልንገር፦ የመሥሪያ ቤት ተላላኪ ደብዳቤውን ብቻ አይዝም፤ ማስረከቢያ መዝገብም አብሮ ይይዛል። ለማን እንደሆነ፣ ጉዳዩ ምን እንደሆነ ይጻፍበታል፣ ተቀባዩም ከፊት ለፊቱ ፈርሞ ይረከባል። ያለ ፊርማ ደብዳቤ ጥሎ የሄደ ተላላኪ ሥራ አያውቅም ይባላል። ጋሽ እንድሪስ ሹም ይሁን ዘበኛ ሳያስፈርሙ ከበር ንቅንቅ ያሉበት ቀን የለም ይባል ነበር።

ጡረታ ሲወጡ እግራቸው ቤት መቀመጥ እምቢ አለ። አንድ ጊዜ የታሪክ ጥናት የሚሠራ አስተማሪ መጥቶ «የድሮው እንደራሴ ቢሮ የቱ ነበር?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «ተከተለኝ» ብለው ቀኑን ሙሉ ከተማውን አዞሩት። እሱ ለሌላ ነገረ፣ ሌላው ለሌላ። ከዚያ በኋላ ለሠርግ ከውጭ የመጣውም፣ አዲስ የተመደበው ዳኛም፣ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚጠባበቀውም እየፈለገ ይመጣባቸው ጀመር። የሚያሳዩት ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አይደለም። ማን ከየትኛው ወንበር ላይ ሆኖ ማንን እንዳዘዘ ነው የሚያሳዩት። የደሴን ፖለቲካ በእግር።

አሁን የራሴን ጉድ ላውራ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ የመጣው ክረምት ነው። ያን ጊዜ ሰው ሻይ ቤት ሲገባ እንኳ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ነበር የሚቀመጠው። እኔ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት በኮንትራት ደብዳቤ እተይባለሁ። አለቃዬ አቶ አራጋው አንድ ቀን በሩን ዘጋ አድርጎ፣ «እታገኝ፣ ያ ሽማግሌ ሰው እየያዘ የሚያዞረው ምን እያለ ነው? እንግዳ ምሰይና ሂጂ፣ የሚለውን ስሚ፣ ጻፊልኝ» አለኝ። ከዚያ ደግሞ ወረቀቱን እያገላበጠ፣ «ቋሚ ቅጥርሽን መስከረም ላይ እናየዋለን» አለ። ሁለቱን ነገር አላያያዛቸውም። እኔ ነኝ ያያያዝኳቸው፤ ሞኝ አይደለሁም።

በማግስቱ በጠዋት ፒያሳ አገኘኋቸው። «አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሽ እንድሪስ» አልኩ፤ ክርስቲያን ብሆንም ለእሳቸው ሰላምታ ከዚህ ሌላ አይመጣልኝም። «ወአለይኩም ሰላም፣ ልጄ። ከየት ነሽ?» አሉ። «ከኮምቦልቻ። ባንክ ነው የምሠራ።» ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ሸጋ። ኮምቦልቻ ሙቅ አገር ነው» ብለው መንገድ ጀመሩ።

ትንሽ እንደሄድን «ሌላ ጊዜ ጓደኛዬን ባመጣ አብረው ያዞሩናል?» አልኳቸው። ለሪፖርቱ ይጠቅመኛል ብዬ ነው። «አንድ ሰው ብቻ ነው የምወስድ» አሉ። «ሁለት ከሆናችሁ ምስክር ትሆናላችሁ። አንድ ጆሮ ምስክር አይሆንም፤ በሸሪዓውም በፍርድ ቤቱም።» የነቁብኝ መሰለኝ። ፊታቸውን ባይ ግን ፈገግታም ቁጣም የለበትም።

ሌላም ሥርዓት ነበራቸው። እየሄዱ ያወራሉ፣ ሲቆሙ ዝም ይላሉ። አንድ ቤት ፊት ለፊት ስንደርስ ይቆሙና በዣንጥላው ጫፍ ያሳዩኛል፤ አንዲት ቃል አይተነፍሱም። የሚያሳዩኝ በር ይሁን መስኮት፣ ማን ይግባበት ማን ይውጣበት አላውቅም። አይቼ ስጨርስ የዣንጥላውን ጫፍ ወደ መሬት ያወርዱታል፤ ያ «በቃ፣ ዝም በይ» ማለት ነው። መንገድ ስንቀጥል ነው ታሪኩ የሚመጣው። «የቆመ ሰው ሲያወራ ሌላውም ይቆምለታል» አሉኝ። «የሚሄድ ሰው ወሬ ለመስማት ደሴን በዳገቷ የሚከተል ጆሮ ጠቢ እስካሁን አልተወለደም።» ጆሮ ጠቢዋ አጠገባቸው እያለከለከች ነበር።

ወደ አይጠየፍ አዳራሽ በሚያወጣው ዳገት ላይ ሦስቱን መንግሥት በደብዳቤ አቀባበል ለዩልኝ። «የጃንሆይ ሹም ደብዳቤ በእጁ አይነካም» አሉ። «አሽከሩ በሁለት እጁ ይቀበልና እሱ አንገቱን ነቅነቅ ያደርጋል። እኔ ደጅ ቆሜ ፊርማ ስጠብቅ ቀኑ ይመሻል። የደርግ ሹም ደግሞ ዘሎ ይቀበለኛል፤ እዚያው ቆሞ ጮክ ብሎ ያነባል፤ እኔንም ‹ጓድ› ይለኛል። የመጀመሪያ ሰሞን ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽሽም።»

«የአሁኖቹስ?» አልኩ።

«የአሁኖቹ ከመፈረማቸው በፊት ማን እንደላከው በስልክ ያጣራሉ። ከዚያ ስብሰባ ይጠሩበታል።» ሳቅኩ። ሳልፈልግ ነው የሳቅኩት። እሳቸውም በአፍንጫቸው ሳቅ አሉ። ከዚያ፣ «ሁሉም የተቀመጡበት ወንበር ግን አንድ ነው። ወላሂ፣ ያው ወንበር፣ ያው ቆዳው የተላጠው። መንግሥት ሲለወጥ ቶሎ የሚለወጠው ማኅተሙና የበሩ ቀለም ነው፤ ወንበሩን የሚለውጠው አላገኘሁም» አሉ።

ካፊያው ሲበረታ ሸሚዜ ትከሻዬ ላይ ተጣበቀ። «ጋሽ እንድሪስ፣ ዣንጥላውን ቢዘረጉት ምን አለ? ሁለታችንም እኮ በሰበስን» አልኳቸው። «የሰው ነው» አሉ፣ በቃ። እብደት መሰለኝ። ሪፖርቱ ላይ «የአእምሮ ሁኔታቸውም አጠራጣሪ ነው» ብዬ እጽፋለሁ ብዬ ሁሉ አሰብኩ፤ ይጠቅማቸዋል ብዬ።

ከሆጤ ሰፈር በላይ ባለች ጠባብ መንገድ አንድ ቆርቆሮ በር ፊት ስንደርስ ቆሙ። ዝም ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ እዚያ ግን ቆመው አወሩ። ቀኑን ሙሉ ቆመው ያወሩት እዚያች ቦታ ብቻ ነው።

«እዚህ አንድ መምህር ይኖር ነበር» አሉ። «ልጅ እግር ነው፣ ሒሳብ ነው የሚያስተምረው። በደርግ ጊዜ የታሸገ ደብዳቤ ይዤለት መጣሁ። እንደ ዛሬው ይዘንባል። ደብዳቤውን አላነበብኩትም፤ ተላላኪ አያነብም። ምን እንደሚል ግን የማላውቅ መስሎሽ? ያን ሰሞን እንደዚያ ያለ ደብዳቤ ያደረስኩለት ሰው አልተመለሰም። ‹አቤት ጋሽ እንድሪስ፣ በስብሰው የለም እንዴ› አለኝና ፈረመ። ከዚያ ገብቶ ይህን ዣንጥላ አመጣልኝ። ‹የተጠራሁበት ቢሮ ቅርብ ነው፣ እሮጣለሁ፤ ነገ ይመልሱልኛል› አለኝ። ተቀበልኩት። ‹ልጄ፣ አትሂድ፣ በጓሮ ውጣ› ማለት እችል ነበር። በጓሮ በኩል እስከ ገደሉ ድረስ ቁጥቋጦ ነው። አላልኩትም። ተላላኪ አይጠየቅም፣ የፈረመ ነው የሚጠየቀው አልኩ በሆዴ። እንዲያ እያልኩ ነው ስንት ዓመት እንቅልፍ የወሰደኝ።»

ከዚያ ወደ ፒያሳ ተመለስን። ሻይ ቤት ገብተን ሁለት ሻይ አዘዙና ከካፖርታቸው ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ሰማያዊ መዝገብ አወጡ። የድሮውን የሚመስል ማስረከቢያ መዝገብ ነው፤ ያዞሩትን ሰው ሁሉ ያስፈርሙበታል። ስሜን ጠይቀው ጻፉ፣ ጉዳዩ በሚለው ላይ «የመምህሩ መንገድ» አሉ፣ መዝገቡን ወደ እኔ አዙረው «ፈርሚ» አሉኝ። «እንዴ ጋሽ እንድሪስ፣ ምስክር እንዳይኖር ብለው አንድ ሰው እየወሰዱ ደግሞ ያስፈርማሉ?» አልኩ። «ያየሁትን ነው ያስረከብኩሽ። ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ትጠየቂበታለሽ» አሉ። ፈረምኩ። ድንግጥ ብዬ የእውነት ፊርማዬን ነው የፈረምኩት።

ሻይዬን ስጨርስ፣ «ሹራብ ግን አልያዝሽም» አሉኝ።

«ምን አሉኝ?»

«የኮምቦልቻ ሰው በክረምት ደሴ ሲመጣ ሹራብ ሳይዝ የሐረጎን ዳገት አይወጣም። አንቺ በዚህች ስስ ሸሚዝ ጉሙን እንደ ቤትሽ ገባሽበት።» ፊቴ ነደደ። እሳቸው ግን መዝገባቸውን በፌስታሉ መልሰው እየጠቀለሉ፣ «አብሽሪ፣ ልጄ። ሪፖርትሽን ጻፊ። ስንት ዓመት የተላክሁ ሰው ነኝ፤ የተላከ ሰው አይጠፋኝም» አሉ።

ሪፖርቱን ስጽፍ ልጠብቃቸው ነው የሞከርኩት፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ስለ ወንበሩ አልጻፍኩም። ስለ ስብሰባው አልጻፍኩም። «ያረጁ ሰው ናቸው፤ የድሮ ቤቶችን እያሳዩ የድሮ ነገር ያወራሉ፤ የሚያሰጋ ነገር አላየሁም» አልኩ። ሳነበው ግን ባዶ ሆነብኝ። ይቺ ልጅ ሄዳም አታውቅ እንዳይለኝ አንድ እውነተኛ ነገር ልጨምር አልኩና፣ «ከሥራቸው የቀረባቸው ልማድ ሆኖ እንግዶቻቸውን በመዝገብ ያስፈርማሉ» ብዬ ጨመርኩ። የሚያስቅ ነገር መስሎኝ ነው። በሰው ቤት ያን ጊዜ ስምና ፊርማ ያለበት ደብተር ምን ማለት እንደሆነ የማላውቅ ይመስል።

አቶ አራጋው እያነበበ እዚያች መስመር ላይ ሲደርስ ፊቱ ተለወጠ። «መዝገብ? ስም አለበት? ፊርማስ?» አለኝ። «አለበት፣ ግን እኮ…» አልኩ። አልሰማኝም። በማግስቱ ደብዳቤው ወጣ፦ ጋሽ እንድሪስ ከነመዝገባቸው በአስቸኳይ እንዲቀርቡ። አቶ አራጋው ፈርሞ ማኅተም አስመታበትና ሰጠኝ። «አንቺ አድርሺው። ታውቂዋለሽ» አለ።

እንግዲህ እኔም ደብዳቤና ማስረከቢያ መዝገብ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ዘሐራ ናት። እሳቸው ወጥተው ደብዳቤውን ተቀበሉ፣ አነበቡ፣ በያዝኩት መዝገብ ላይ ቀጥ ባለ የእጅ ጽሕፈት ፈረሙልኝ። «ሳታጥፊው ነው ያመጣሽው፤ ሸጋ። ደብዳቤ አይታጠፍም» አሉኝ። የዚያን ቀን ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ገብተው ካፖርታቸውን ለበሱ፣ ዣንጥላቸውን ያዙ፣ ከዚያ ያን በፌስታል የተጠቀለለ መዝገብ ይዘው መጡ። ቆመው ከመጨረሻው መስመር ላይ አንድ ነገር ጻፉና ወደ እኔ አዞሩት። «ለእታገኝ። ጉዳዩ፦ አደራ» ይላል።

«ፈርሚ።»

«ጋሽ እንድሪስ፣ እኔ እኮ…» እኔ ነኝ የጻፍኩት ማለት አቃተኝ።

«ፈርሚ፣ ልጄ። ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

ፈረምኩ። እሳቸው ባዶ እጃቸውን፣ ዣንጥላቸውን ብቻ ይዘው ወደ ቢሮ ሄዱ። እኔ መዝገቡን በነጠላዬ ውስጥ ይዤ በሌላ መንገድ ወደ ቤቴ ሄድኩና ከእናቴ ጤፍ ጆንያ ሥር ቀበርኩት።

አሥራ ሰባት ቀን ያዟቸው። ቀን ቀን እኛ ቢሮ እያመጡ አቶ አራጋው ይጠይቃቸዋል፤ ማታ ወደ ጣቢያ ይመልሷቸዋል። በእኔና በእሱ ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ሁሉም ይሰማል። «መዝገቡ የት ነው?» ይላል። «አስረክቤዋለሁ።» «ለማን?» «ፈርሞ ለተቀበለ ሰው።» «ስሙ ማን ነው?» ዝም። እኔ ከግድግዳው ወዲህ እየተየብኩ ጣቴ አንድን ፊደል ሁለት ጊዜ ይመታል። በየቀኑ ዛሬ ስሜን ይጠሩታል እላለሁ። በየቀኑ አይጠሩትም።

እሑድ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ መዝገቡን አወጣሁት። ማን ማን እንደሆነ ልይ፣ ቢያንስ ማንን እንዳስጠበቁኝ ልወቅ ብዬ ነው። ገልብጬ ገልብጬ መካከሉ ላይ ስደርስ አንድ ፊርማ አየሁ። ትልቅ፣ ዙሪያውን ጥምዝምዝ ያለ፣ ጅራቱ ከመስመሩ የሚወጣ ፊርማ። በየቀኑ ከደብዳቤ ግርጌ የማየው ፊርማ ነው። አቶ አራጋው። ገና ሹም ሳይሆን እንደማንም ሰው መጥቶ ከተማውን ዞሯል።

ለካስ ሰውየው ሲፈልግ የከረመው የራሱን ስም ነው። ያን ሰሞን ሹም በግምገማ ከወንበሩ እንደ በርበሬ ይለቀም ነበር፤ እሱን ለማስነሳት አንዲት ፊርማ ትበቃለች። ለእሱም አዘንኩለት፣ በእሱም ተናደድኩ፣ ሁለቱም አንድ ላይ። ከዚያ ነው የገባኝ። ጋሽ እንድሪስ ያውቁታል። ራሳቸው አይደሉም እንዴ ያስፈረሙት? እነዚያን ሁሉ ቀናት ፊት ለፊቱ ተቀምጠው «አንተም እኮ አለህበት» ቢሉት ማታውኑ ቤታቸው ይገቡ ነበር።

ሰኞ እለት ቆርጬ መጣሁ። ለአቶ አራጋው ያየሁትን እነግረዋለሁ፣ ፈርቶም ቢሆን ይለቃቸዋል አልኩ። ኮሪደሩ ላይ ጋሽ እንድሪስን ከአንድ ፖሊስ ጋር አገኘኋቸው። ዓይኔን አዩት፤ ምን እንደማስብ ከፊቴ ላይ ያነበቡት ይመስለኛል። ዣንጥላውን ከፍ አደረጉና ጫፉን ቀስ ብለው ወደ መሬት አወረዱት። በቃ፣ ዝም በይ። ዝም አልኩ። ትክክል ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም፤ ያዘዙኝን ነው ያደረግኩ።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ለቀቋቸው፤ ሰው ይዘው እንዳይዞሩ አስጠንቅቀው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የያዛቸው ሳል አልለቀቃቸውም። በሳምንቱ መዝገቡን በዘንቢል ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ዘሐራ ወንበር ሰጠችኝ፤ እኔ ግን ሳልቀመጥ፣ «ጋሽ እንድሪስ፣ አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ። መዝገብ አላቸው ብዬ የጻፍኩ እኔ ነኝ» አልኩ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«መቼ አወቁ?»

«ደብዳቤው ‹ከነመዝገብዎ› ይላላ። በዚህ ክረምት መዝገቡን ካዩት መካከል የተላክሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«እያወቁ ነው ለእኔ የሰጡኝ?»

በመሐረብ አፋቸውን ይዘው ሳሉ። «ያጠፋ ሰው ነው አደራ የሚጠብቅ፣ ልጄ» አሉ። «ያላጠፋማ ይዘነጋል፤ የሆነ ቦታ ጣል ያደርገዋል። እኔ ይህን ዣንጥላ ስንት ዓመት ሳልጥለው የቆየሁት ደግ ሆኜ መስሎሽ ነው?» አለቀስኩ። መዝገቡን ከዘንቢሉ ሳወጣ እጃቸውን አወዛወዙ። «አልቀበልሽም። ተላላኪ ያስረከበውን መልሶ አይረከብም፤ ሥርዓት ነው።»

መስከረም ላይ ቋሚ ሆንኩ። አልደብቅም፤ ደመወዙንም በላሁት። ጋሽ እንድሪስ ከዚያ በኋላ ብቻቸውን ነበር የሚዞሩት። በየጊዜው መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ጤፉ ደህና ነው?» ይሉኛል፤ የት እንደደበቅኩት ነግሬያቸው ነበር። «ደህና ነው» እላለሁ። አጠገባችን ያለ ሰው ጤፍ ነጋዴ የሆንኩ ይመስለዋል።

አቶ አራጋው ደግሞ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ኮምቦልቻ ተዛወረ። በኋላም በግምገማ ወንበሩን አጣና እዚያው ቤት ሠርቶ ቀረ። ኮምቦልቻ ከደሴ ምን ያህል ነው? ቁልቁል ወርዶ መውጣት ነው። እኔ ግን ከዚያ በኋላ አላየሁትም ነበር፣ እስከ ጋሽ እንድሪስ ለቅሶ ድረስ።

ቀብሩ ካለቀ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ዱአ ሲደረግ ሴቶች ጋ ተቀምጬ ነበር። ዘሐራ ዣንጥላውን በሩ ላይ ሚስማር አግኝታ ሰቅላዋለች። «አባዬ የመጨረሻ ቀን ምን አለ መሰለሽ?» አለችኝ። «የመምህሩ ዘመድ ከመጣ ስጡልኝ፤ ሳታስፈርሙ ግን እንዳትሰጡ አለ።» ሁለታችንም ሳቅንና ሁለታችንም አፋችንን ያዝን።

ልወጣ ስነሳ ደጅ ላይ አቶ አራጋው ቆሞ አገኘሁት። አርጅቷል፤ ያ የሚያብረቀርቅ ጫማው ጠፍቷል። ነፍስ ይማር ተባባልን። ሰው ወደ ውስጥ ሲገባልን ጠብቆ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እታገኝ፣ ያ መዝገብ ግን የት ገብቶ ይሆን?»

ለዓመታት ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ፤ «ምኑን አውቄ» የሚል። አፌ ግን ሌላ አለ። «እኔ ጋ ነው። ፈርሜ ተረክቤዋለሁ።»

መሬት መሬት አየ። «ታዲያ አይተሽዋል» አለ።

«አይቼዋለሁ፣ አቶ አራጋው። ያኔውኑ።»

«ይናገራል እያልኩ ነበር» አለ። «በየቀኑ። ፊቴ ተቀምጦ፣ ‹ፈርሞ ለተቀበለ ሰው› ሲለኝ ዛሬ ‹እንዳንተ› ይለኛል እያልኩ ነበር። አሥራ ሰባት ቀን። ወደ ቤቴ ስገባ እህል አይወርድልኝም።» በእጁ ዓይኑን ጠረገ። «እኔን ሲያዞሩኝ ሆጤ ስንደርስ ከላይ አንድ ቦታ ይቀራል አሉኝ። ስብሰባ አለብኝ ብዬ ጥያቸው ወረድኩ። ፈርሜላቸው ነው የሄድኩት፣ ሳላየው። ምን ነበር እሱ?»

ልነግረው እችል ነበር፤ አንድ አረፍተ ነገር ነው። ልተወውም እችል ነበር፤ ልቤ ከሰውየው ጋር ሙሉ በሙሉ አልታረቀም። በሩ ላይ የተሰቀለውን ዣንጥላ አየሁት።

«ቆሞ አይወራም» አልኩት። «አንድ ሰው ብቻ ነው የምወስድ። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ፒያሳ ይጠብቁኝ። ክረምት ነው፣ ከኮምቦልቻ ሲወጡ ሹራብ ይያዙ።»